ኪሉ የት ገባ? ስለ መርከብ አጥንቶችና ስለ ስሞቻቸው

ጥያቄ፦ «የመርከብ ግንባታ ሥልጠና ልጀምር ስለሆነ ቃላቱን አስቀድሜ እያጠናሁ ነው። ኪል የመርከብ የጀርባ አጥንት እንደሆነ፣ እሱ ከተሰበረ መርከቧም ለሁለት እንደምትከፈል አንብቤያለሁ። ይሁን እንጂ የአንዲት የብትን ጭነት መርከብ ሥዕል ስመለከት ሥሯ ጠፍጣፋ ነው፤ ኪል የሚመስል ወጣ ያለ ነገር አላየሁም። ፍሬም፣ ፍሎር፣ ገርደር፣ ስትሪንገር፣ ሎንጊቱዲናል የሚባሉት ደግሞ ሁሉም አንድ ሆነውብኛል። በዚያ ላይ የዚያችው መርከብ ሰነድ አንድ ቦታ 30,000፣ ሌላ ቦታ 52,000፣ ሌላ ቦታ 63,000 ይላል። ክብደቷ የትኛው ነው? ቃላቱንስ ከየት ጀምሬ ላጥናቸው?»

ምላሽ፦ ኪሉ ሥዕሉ ላይ አለ፤ ወጣ ያለ ነገር ሲፈልጉ አለፉት እንጂ። በዛሬዎቹ ትልልቅ የጭነት መርከቦች ኪል የሚባለው በመርከቧ ሥር፣ በመሀል መስመሩ ላይ፣ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ላሜራ ነው። ከግራና ከቀኙ ካሉት የሥር ላሜራዎች በውፍረቱ ይበልጣል። በላዩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሌላ ላሜራ ተበይዷል፤ እሱ ሴንተር ገርደር ይባላል። በአንዳንድ መርከቦች ደግሞ በአንድ ሴንተር ገርደር ፈንታ ሁለት ገርደሮች ጎን ለጎን ይቆሙና በመካከላቸው ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሄድበት፣ ቧንቧዎች የሚያልፉበት መተላለፊያ ይተዋሉ፤ ይህ ደክት ኪል ነው። ከታች ሲታይ ሁሉም ጠፍጣፋ ነው፤ ከውጭ የሚለየው ነገር የለም።

ያነበቡት የጀርባ አጥንት ምሳሌ ከእንጨት መርከብ የመጣ ነው። እንጨት ሠሪው በመጀመሪያ አንድ ወፍራም ግንድ ያጋድማል፤ ከዚያ ጎድን የሚመስሉትን ቋሚዎች በግራና በቀኝ ያቆምበታል፤ በመጨረሻም ሳንቃውን ይለብጥበታል። ለዚያ ዓይነት መርከብ ምሳሌው ልክ ነበር። ወደ ብረት ሲገባም ለጥቂት ጊዜ ልማዱ ቀጥሎ፣ ከሥር ወጣ ያለ ድፍን የብረት ዘንግ ባር ኪል ተብሎ ይገጠም ነበር፤ ዛሬም በአንዳንድ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ይገኛል። ለትልቅ የብረት መርከብ ግን ምሳሌው ያሳስታል፤ ተማሪውን አንድ ክር የሆነ አጥንት ሲፈልግ ያውለዋል።

ከዚሁ ጋር ስሙን የሚጋሩ ሁለት ሌሎች ነገሮች አሉ። ቢልጅ ኪል በመርከቧ ሥርና ጎን መጋጠሚያ ላይ፣ ክብ ሆኖ በሚታጠፈው ቦታ፣ በግራና በቀኝ የሚበየድ ክንፍ መሳይ ላሜራ ነው። ሥራው መርከቧ በማዕበል ወዲያና ወዲህ ስትንገላታ ውኃውን እየቀዘፈ መንገላታቱን ማርገብ ነው፤ መርከቧን እንዲሸከም የተሠራ አይደለም። እንዲያውም ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ራሱ እንዲገነጠልና ከበስተጀርባው ያለውን የመርከቧን ላሜራ እንዳይቀድድ ታስቦ ይበየዳል። የሸራ ጀልባዎች ከሥራቸው የሚያንጠለጥሉት ከባድ ክንፍም ኪል ይባላል፤ እሱ ደግሞ ጀልባዋ በነፋስ እንዳትገለበጥና ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚያደርግ ክብደት ነው። ጥናትዎ ላይ ከሦስቱ የትኛው እንደተጠቀሰ ሳይለዩ ወደሚቀጥለው ገጽ አይለፉ።

አሁን ወደ ስብራቱ። መርከብን እንደ አንድ ረጅም የተዘጋ ሣጥን ያስቧት። የሣጥኑ ክዳን ዴክ ነው፤ ወለሉ የመርከቧ ሥር ነው፤ ጎኖቹ ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛሉ። መሐንዲሶች ይህን ሙሉ ሣጥን ሀል ገርደር ይሉታል፤ መርከቧ ከነሙሉ አካሏ እንደ አንድ ቢም፣ ማለትም እንደ አንድ ሸክም ተሸካሚ አግዳሚ፣ ትሠራለች ማለታቸው ነው። ቢሙን የሚያጎብጠው ደግሞ ክብደትና የውኃ ግፊት በየቦታው እኩል አለመሆናቸው ነው። ጫፎቿ ቀጫጭን ስለሆኑ ውኃው ብዙም አያነሣቸውም፤ መሀሏ ሰፊ ስለሆነ በኃይል ይገፋታል። ጭነቱም እንዲሁ አንዱ ክፍል ሙሉ፣ አንዱ ባዶ ሊሆን ይችላል። የማዕበሉ ጀርባ መሀሏ ሥር ሲደርስ ጫፎቿ ይወርዳሉ፣ መሀሏ ይነሣል፤ ይህ ሆጊንግ ነው። ማዕበሉ ሁለቱን ጫፎች ሲያነሣ ደግሞ መሀሏ ይረግባል፤ ይህ ሳጊንግ ነው። የማዕበሉ ርዝመት ከመርከቧ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ ጉብጠቱ ይከፋል፤ እየተፈራረቀም ይመጣል።

ወፍራም የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይውሰዱና መሀሉ ወደ ላይ እንዲነሣ አድርገው ያጉብጡት። የላይኛው ፊት ይወጠራል፤ የታችኛው ይጨማደዳል፤ በመካከል ያለው ግን አይወጠርም አይጨማደድም። መርከብም እንዲሁ ናት። በሆጊንግ ጊዜ ዴኩ ይወጠራል፣ ሥሯ ይጨመቃል፤ በሳጊንግ ጊዜ ይገላበጣል። መሀል ላይ ያለው፣ ምንም የማይሰማው መስመር ገለልተኛ ዘንግ ይባላል። ስለዚህ ዋናውን የጉብጠት ሸክም የሚሸከሙት ዴኩ በሙሉና ሥሯ በሙሉ፣ ከግራ እስከ ቀኝ ናቸው። ኪሉ ከሥረኛው ላሜራዎች አንዱ እንደመሆኑ ድርሻውን ይወስዳል፤ ብቻውን ግን የጀርባ አጥንት አይደለም።

ይህን በሁለት አደጋዎች ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1943 ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ የነዳጅ ጫኝ መርከብ፣ በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ፣ የባሕር ላይ ሙከራዋን ጨርሳ በጸጥታ በቆመችበት ወደብ ለሁለት ተሰነጠቀች። ማዕበል አልነበረም። ስንጥቁ የጀመረው ከላይ ነበር፤ ዴኩን አቋርጦ በሁለቱም ጎኖች ወደ ታች ወረደ። የሥሯ ላሜራ ግን አልተቆረጠም፤ እንደ ማጠፊያ ሆኖ ያዛት፤ መሀሏ ከውኃ ተነሥቶ ጫፎቿ መሬት ነኩ። ኪሏ ሳይቆረጥ መርከቧ ተሰበረች ማለት ነው። (በኋላ ተጠግና ለዓመታት ሠርታለች።) ሁለተኛዋ ኤምኦኤል ኮምፎርት ናት፤ 316 ሜትር ርዝመት ያላት የኮንቴይነር መርከብ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 2013 በሕንድ ውቅያኖስ፣ ከየመን ባሕር ዳርቻ ርቃ፣ ለሁለት ተከፈለች። 26ቱ መርከበኞች ተርፈዋል፤ ሁለቱም ግማሾች በተለያየ ቀን ሰጥመዋል። እዚህኛዋ ላይ ጥፋቱ የጀመረው ከሥር ነው፦ በሆጊንግ የተጨመቁት የሥር ላሜራዎች መቋቋም አቅቷቸው እንደ ቆርቆሮ ተጨማደዱ፤ የተጨማደደ ላሜራ ሸክም መያዝ ያቆማል፤ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል፤ እሱም በተራው ይጨማደዳል። አንዷ በመወጠር ከላይ፣ አንዷ በመጨመቅ ከታች ተሰበሩ።

የመጀመሪያዋ አደጋ ሌላም ትምህርት አላት፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ለጦርነቱ በብየዳ የተሠሩ መርከቦችን በጥድፊያ ታመርት ነበር፤ ሊበርቲ የሚባሉት ብቻ 2,710 ደርሰዋል። ቀድሞ ላሜራ ከላሜራ ጋር በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያዝ የብረት ችንካር፣ ሲያያዝ፣ አንዱ ላሜራ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ መገጣጠሚያው ላይ ሲደርስ ይቆም ነበር። በብየዳ ግን መርከቧ በሙሉ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነች ስንጥቁን የሚያቆመው የለም። የጭነት መግቢያው አፍ፣ ሀች የሚባለው፣ ማዕዘኑ ሹል ሆኖ ሲቆረጥ ውጥረቱ እዚያ ማዕዘን ላይ ይከማቻል። በመጨረሻም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኮንስታንስ ቲፐር እንዳሳዩት፣ የዚያን ጊዜው ብረት ቅዝቃዜው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ መለጠጡን ትቶ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ነበር። በያጁ ብቻውን ጥፋተኛ ነው የሚለው ወሬ ስንፍና ነው፤ ቅርጹም ብረቱም ተባብረዋል። ዛሬ የሀች ማዕዘኖች ክብ የሚሆኑት፣ የመርከብ ብረትም ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ እየተባለ በቅዝቃዜ ጥንካሬው የሚመደበው ለዚህ ነው። ዲ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ፣ ኢ ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ተመትቶ ይፈተናል። ሺር ስትሬክ የሚለውን ቃል ሲያገኙ ይህን ያስታውሱ፦ ከመርከቧ ጎን የመጨረሻው፣ ከዴኩ ጋር የሚገናኘው የላሜራ ረድፍ ነው፤ ከገለልተኛው ዘንግ በጣም ስለሚርቅ የውጥረቱ ግንባር ቀደም ተቀባይ ነው፤ በትልልቅ መርከቦች ጠንካራው ብረት የሚመደብለትም ለዚሁ ነው።

እኔ በሠራሁበት በአንድ የመርከብ መሥሪያ ውስጥ አንድ ቧንቧ ገጣጣሚ መንገድ ሲያጥረው ከዴኩ ሥር ያለውን ሎንጊቱዲናል በእሳት ቆርጦ ቧንቧውን አሳለፈ። ቀዳዳው ባለ አራት ማዕዘን፣ ጠርዙም የተቦጫጨቀ ነበር። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ የቆረጠው ነገር ሥራው ምን እንደሆነ የነገረው ስለሌለ ነው። ቀዳዳውን ለመድፈን ከቧንቧው ሥራ ሦስት እጥፍ ጊዜ ወሰደ። በሥዕል ያልተፈቀደ ቀዳዳ፣ ያልተፈቀደ የብየዳ ነጥብም ቢሆን፣ በመርከብ አካል ላይ አይደረግም።

አሁን ወደ ተምታቱብዎት ቃላት እንምጣ። በዝርዝር ካጠኗቸው ሁልጊዜ ይምታታሉ፤ ሸክሙን ተከትለው ከሄዱ ግን እያንዳንዱ ቦታውን ይይዛል። መርከቧ 12 ሜትር ጠልቃ ብትሄድ፣ ሥሯ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ12 ቶን በላይ ግፊት አለ። ይህን ግፊት በመጀመሪያ የሚቀበለው የውጭው ላሜራ ነው። ላሜራው ቀጭን ስለሆነ ብቻውን ቢተው ወደ ውስጥ ይረግባል፤ ስለዚህ ከበስተውስጡ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ብዙ ቀጫጭን ብረቶች፣ ከአንድ ሜትር በታች በሆነ ርቀት እየተደረደሩ ይበየዱበታል። ሎንጊቱዲናል ማለት እነዚህ ናቸው፤ በቤት ግንባታ ቋንቋ ማገር ይሏቸዋል። ማገሩ ደግሞ የሚያርፍበት ይፈልጋል፤ በየጥቂት ሜትሩ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ ትልቅ ላሜራ ያገኛል። ይህ በጎንና በዴክ ሥር ሲሆን ዌብ ፍሬም፣ በመርከቧ ሥር ሲሆን ፍሎር ይባላል። እነሱም በተራቸው ሸክማቸውን ከፊት ወደ ኋላ ለሚሄዱ ትልልቅ ቢሞች፣ ለገርደሮች፣ ያስተላልፋሉ፤ ገርደሮቹም ለጎኖቹና ውኃ ለማያሳልፉት ግድግዳዎች፣ ለበልክሄዶች፣ ያቀብላሉ። ላሜራ፣ ሎንጊቱዲናል፣ ፍሎር ወይም ዌብ ፍሬም፣ ገርደር፣ በልክሄድ፦ ሸክሙ በዚህ መንገድ እጅ በእጅ ይሄዳል።

ፍሎር የሚለው ስም ብዙ ተማሪ ጥሏል። የምንረግጠው ወለል አይደለም። በውጭኛውና በውስጠኛው የሥር ላሜራ (ሁለቱ አንድ ላይ ድርብ ሥር ይባላሉ) መካከል፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ላሜራ ነው። ጭነቱ የሚያርፍበት፣ እግርዎ የሚረግጠው ወለል ታንክ ቶፕ ይባላል፤ ከሥሩ ያለው ክፍት ቦታ ታንክ ስለሆነ የታንኩ ጣሪያ መሆኑ ነው። በፍሎሮቹ ላይ የሚያዩአቸው ሞላላ ቀዳዳዎች ክብደት ለመቀነስና ሰው ለማሳለፍ በንድፉ የተፈቀዱ ናቸው። በማዕዘኖች ላይ ያሉት ትንንሽ ግማሽ ክብ ቀዳዳዎች ደግሞ ውኃና አየር እንዲያልፍ፣ ብየዳዎችም እርስ በርስ እንዳይደራረቡ የተተዉ ናቸው። ስትሪንገርም ሁለት ትርጉም አለው፦ በጎን በኩል አግድም የሚሄድ ትልቅ ቢም ስትሪንገር ይባላል፤ ስትሪንገር ፕሌት ሲባል ግን ከመርከቧ ጎን ጋር የሚገናኘው የዴክ ላሜራ ረድፍ ነው። ሁለቱን አያገናኟቸው።

ፍሬም ደግሞ ሥዕልዎ ላይ ያደናገረዎት በሁለት ዓይነት አሠራር ምክንያት ይመስለኛል። በቀድሞው ዘዴ ዋናዎቹ ማጠንከሪያዎች ከሥር ወደ ላይ እንደ ጎድን የሚቆሙ ፍሬሞች ነበሩ፤ ይህ ለአጭር መርከብ ቀላልና በቂ ነው። መርከቧ ስትረዝም ግን ጎድን ጉብጠቱን አይረዳም፤ የሚረዳው ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ብረት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ውኃ ላይ የወረደችው 211 ሜትሯ ግሬት ኢስተርን ይህን አስቀድማ ያወቀች መርከብ ነበረች፤ ንድፍ አውጪዋ ብሩኔል ሥሯን በረጃጅም ማጠንከሪያዎችና በድርብ ላሜራ ነው የሠራት። ዘዴው በስፋት የገባው ግን የመርከብ ንድፍ አውጪው ጆሴፍ ኢሸርዉድ እ.ኤ.አ. በ1906 የራሱን የሎንጊቱዲናል አሠራር ካስመዘገበ በኋላ ነው። የእርስዎ የብትን ጭነት መርከብ ሁለቱንም ትጠቀማለች፦ ዴኳና ሥሯ ዋናውን ጉብጠት ስለሚሸከሙ በሎንጊቱዲናል፣ ጎኗ በጭነት ክፍሉ በኩል በቋሚ ፍሬም ይሠራል። አንድ ሥዕል ላይ ሁለቱን አብረው ያዩት በስህተት አይደለም። ፍሬም ሌላ ጥቅምም አለው፤ የቤት ቁጥር ነው። በአብዛኛው ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት ይቆጠራል፤ «ፍሬም 87፣ በስተግራ» ሲባሉ ቦታው ይገባዎታል። ግራና ቀኝ ደግሞ ሁልጊዜ ፊትዎን ወደ መርከቧ ፊት አዙረው የሚቆጠሩ ናቸው፤ እርስዎ ቢዞሩም ግራው አይዞርም።

በልክሄዶች ከሸክሙ ሌላ መርከቧን በክፍል ይከፋፍላሉ። የፊተኛው፣ ኮሊዥን በልክሄድ የሚባለው፣ ከግጭት በኋላ የሚቀረው ግንብ ነው፤ ዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ከዋናው ዴክ በታች በዚህ ግድግዳ ላይ በር እንዳይከፈት ይከለክላል። ድርብ ሥር ስላላቸው አይሰጥሙም የሚል ነገር ካነበቡ ግን ይሰርዙት። ታይታኒክ ድርብ ሥር ነበራት፤ ጎኖቿ ግን ነጠላ ነበሩ፤ 15ቱ በልክሄዶቿም በቂ ከፍታ አልነበራቸውም፤ በረዶው የቀደዳት ደግሞ ጎኗ ላይ ነበር። በተቃራኒው ግሬት ኢስተርን እ.ኤ.አ. በ1862 ከኒው ዮርክ አቅራቢያ ድንጋይ መትታ ወደ 25 ሜትር የሚረዝም ቀዳዳ ሲከፈትባት፣ የውስጠኛው ላሜራ ስላልተነካ በራሷ ሞተር ወደብ ገብታለች። ድርብ ላሜራ የሚያድነው ጉዳቱ የውስጠኛውን ካልደረሰበት ብቻ ነው፤ ለነዳጅ ጫኞች ድርብ አካል ግዴታ የሆነውም በዋነኛነት ዘይቱ እንዳይፈስ ነው።

የሦስቱ ቁጥሮች ጉዳይ አጭር ነው፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ክብደት የሆኑት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። 63,000 ዲስፕሌስመንት ነው፦ መርከቧ ሙሉ ጭነት ይዛ የምታፈናቅለው ውኃ ክብደት፣ ማለትም የራሷ ጠቅላላ ክብደት። ራስዎ ሊያሰሉት ይችላሉ። ርዝመቷ 200 ሜትር፣ ስፋቷ 32፣ ድራፍቷ (ውኃ ውስጥ የምትጠልቀው) 12 ነው እንበል፤ ሲባዛ 76,800 ሜትር ኩብ ይሆናል። መርከብ ግን ጡብ አይደለችም፤ ጫፎቿ ስለሚሾሉ ከዚህ ጡብ 0.8 ያህሉን ብቻ ትሞላለች (ይህ ቁጥር ብሎክ ኮኤፊሸንት ይባላል)፤ 61,440። በባሕር ውኃ እፍጋት በ1.025 ሲባዛ ወደ 63,000 ቶን ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ባዶዋ መርከብ፣ ብረቷና ሞተሯ፣ 11,000 ቶን ብትሆን ቀሪው 52,000 ዴድዌይት ነው፤ ጭነት፣ ነዳጅ፣ ባላስት ውኃ (ሚዛኗን ለመጠበቅ የምትይዘው)፣ ስንቅና ሰው ሁሉ ተደምሮ መሸከም የምትችለው። ሁሉም ጭነት እንዳይመስልዎት።

30,000 ግን ግሮስ ቶኔጅ ነው፤ ስሙ ቶን ቢመስልም ክብደት አይደለም፤ መለኪያ አሐድም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1969 በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የመርከቧ የተዘጉ ክፍሎች ጠቅላላ ይዘት በሜትር ኩብ ይለካና እንደ መጠኑ ከፍና ዝቅ በሚል ቁጥር ይባዛል፤ ይዘቷ 100,000 ሜትር ኩብ ከሆነ ብዜቱ 0.3 ሆኖ 30,000 ይወጣል። የወደብ ክፍያ፣ የመርከበኞች ቁጥርና የሕግ ግዴታዎች ብዙውን ጊዜ በዚህ ቁጥር ይወሰናሉ። የመርከብ ማንሻ መድረክ ወይም የድጋፍ ምሰሶ አቅም በግሮስ ቶኔጅ ያሰላ ሰው ግን አደጋ ጠርቷል።

በልኬት ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ዴፕዝ ከሥሯ እስከ ዴኩ ያለው የመርከቧ ቁመት ነው፤ ድራፍት ከሥሯ እስከ ውኃው ወለል ያለው ጥልቀት ነው፤ ልዩነታቸው በግርድፉ ፍሪቦርድ ይባላል። የመጀመሪያው አይለወጥም፤ ሁለቱ በጭነቱ ይለወጣሉ። ርዝመትም አንድ አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው አለ፤ ለስሌት የሚያገለግለው፣ በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለው ደግሞ አለ። የትኛው እንደሆነ ያልተጻፈበትን ቁጥር አይመኑ።

ስለ ግንባታው ቅደም ተከተል ብዙ አልልም፤ ሥራ ቦታው ላይ በሳምንት ውስጥ ዓይንዎ ይይዘዋል። ብረቱ ይጸዳል፣ ይቆረጣል፣ በላሜራና በማጠንከሪያ ፓነል ይሆናል፤ ፓነሎቹ ተገጣጥመው ብሎክ ይሆናሉ። ብሎኮቹ ብዙ ጊዜ ተገልብጠው ነው የሚበየዱት፤ በያጁ ቀና ብሎ ከራሱ በላይ ከመበየድ ይልቅ ወደ ታች ሲበይድ ሥራው ስለሚያምር ነው። ቧንቧና ሽቦው ገና ብሎኩ መሬት ላይ ሳለ ይገባል፤ ከዚያ ትልቁ ክሬን ወደ ደረቁ ገንዳ፣ ውኃው ወጥቶ መርከቧ ወደምትገጣጠምበት ጉድጓድ፣ ወስዶ አንዱን ከአንዱ ያጋጥማል። «ኪል ተጣለ» የሚለው ሐረግ ዛሬ የመጀመሪያው ብሎክ ገንዳው ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው፤ የታሪክ ቃል ቢመስልም የሕግ ክብደት አለው። መርከቧ የትኛው ደንብ እንደሚመለከታት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያ ቀን ነው፤ ዓለም አቀፉ የደኅንነት ስምምነትም ከዚያ ጋር እኩል የሚቆጥረው ደረጃ አለ፦ ለዚያች መርከብ የተለየ ሥራ ተጀምሮ የተገጣጠመው ብረት 50 ቶን ወይም ከጠቅላላው የግንባታ ብረት ግምት 1 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ ሲደርስ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የቃላት ዝርዝሩን ይዝጉት። የአንዲት መርከብ ሚድሺፕ ሴክሽን ሥዕል፣ ማለትም መሀሏ ከግራ ወደ ቀኝ ተቆርጦ ሲታይ የሚያሳየውን፣ በትልቅ ወረቀት ያሳትሙ። በመጀመሪያ ገለልተኛውን ዘንግ በግምት በእርሳስ ያስምሩና ዴኩን፣ ሺር ስትሬኩን፣ የሥሩን ላሜራና ኪሉን በአንድ ቀለም ይቀቡ። ከዚያ በሌላ ቀለም ሎንጊቱዲናሎችን፣ በሌላ ፍሎርና ዌብ ፍሬሞችን፣ በሌላ ገርደሮችን ይለዩ። በእያንዳንዱ ብረት ላይ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ሸክም ከማን ይቀበላል? ለማን ያቀብላል? መልስ ያላገኙለትን ብቻ መዝገበ ቃላት ላይ ይፈልጉት። ልኬቶቹና ቶኔጁ ሁለተኛ ይሁኑ፤ የፊትና የኋላ ቅርጽ ስሞች ደግሞ ይቆዩ። ስሞቹን በአማርኛ ልተርጉም ብለው አይድከሙ፤ ሥዕሉ፣ የክላስ ማኅበሩ (የመርከብ አሠራር ደንብ አውጥቶ የሚቆጣጠረው ድርጅት) ደንብና አለቃዎ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው፤ ማኅበራቱ እርስ በርሳቸው እንኳ ለአንድ ብረት የተለያየ ስም የሚሰጡበት ጊዜ አለ፤ ሲጠራጠሩ የሥዕሉን ስም ይከተሉ።

በሥልጠናው መጀመሪያ ሰሞን ፍሎሮቹንና ሴንተር ገርደሩን በዓይንዎ ለማየት በድርብ ሥሩ ታንክ ቀዳዳ መግባት ያምርዎታል። ያለ ፈቃድ፣ ያለ አየር ምርመራና ውጭ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር እንዳይገቡ። የሚዝግ ብረት በተዘጋ ታንክ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይበላዋል፤ ጤናማ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ለሳምንታት ተዘግቶ የቆየ ታንክ ግን ምንም ሽታ ሳይኖረው ከዚያ እጅግ ዝቅ ሊል ይችላል። ጓደኛው ወድቆ አይቶ ሊያነሣው ዘልሎ የገባም አብሮ ይወድቃል፤ የሚገባው የመተንፈሻ መሣሪያ የለበሰ ሰው ብቻ ነው።